የስዋሂሊው «ና» የአማርኛው «ና» ዘመድ ነው?

ጥያቄ፦ «ናይሮቢ እየኖርኩ ስዋሂሊ በመማር ላይ ነኝ። ‹ባባ ና ማማ› ማለት ‹አባትና እናት› ማለት መሆኑን ስሰማ በጣም ገረመኝ፤ ‹ና› የእኛው ‹ና› ነው! በዚያ ላይ ‹ሳባ› ሰባት ነው፣ ‹ዳሙ› ደም ነው፣ ውሃ የሚባለው ‹ማጂ› ደግሞ ከግዕዙ ‹ማይ› ጋር ይመሳሰላል። አንድ ቪዲዮ ላይ ስዋሂሊ ከግዕዝ የወጣ ቋንቋ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ሁለት ቃላት ይዛመዱ እንደሆነ፣ ወይም እንዲሁ ተገጣጥመው እንደሆነ እኔ ራሴ ማጣራት የምችልበት መንገድስ አለ?»

መልስ፦ ስዋሂሊ ከግዕዝ አልወጣም። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ዘመዶቹ ዙሉ፣ ሾና፣ ሊንጋላና ኪንያርዋንዳ ናቸው። አማርኛ ከግዕዝ፣ ከትግርኛ፣ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር የሴም ቋንቋ ነው። (አማርኛም ቢሆን «የግዕዝ ልጅ» የሚባለው በልማድ ነው፤ የቋንቋ አጥኚዎች የሚያስቀምጡት ከግዕዝ የቅርብ ዘመዶች ተርታ ነው።) ቪዲዮው አራቱን ቃላት አንድ ላይ ደርድሮ ስላቀረባቸው አንድ ታሪክ ያላቸው ይመስላሉ። ያላቸው ግን ሦስት ዓይነት ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ነጣጥሎ ማየት ያስፈልጋል።

«ሳባ» እና «ዳሙ» ላይ ጆሮዎ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቪዲዮው የሰጣቸው ምንጭ ነው። ስዋሂሊ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር የኖረ ቋንቋ በመሆኑ በርካታ የዐረብኛ ቃላት ገብተውበታል። እስከ አሥር ይቁጠሩ፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ከእነዚህ መካከል ሲታ፣ ሳባና ቲሳ ብቻ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ የቀሩት ሰባቱ የባንቱ ናቸው። ምንጩ ግዕዝ ወይም አማርኛ እንዳልሆነ ደግሞ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የእኛው «ስድስት» መሐሉ ላይ «ድ» አለው፤ ግዕዙም «ስድስቱ» ነው። ዐረብኛ ግን «ድ»ን በ«ት» ውጦ «ሲተ» ብሏል፤ ስዋሂሊ የያዘውም ይህንኑ «ድ» የሌለውን ነው። «ቲሳ»ም የዐረብኛው «ቲስዐ» ነው፤ ከአማርኛው «ዘጠኝ» መልክ ግን በጣም ይርቃል። «ደም» በዐረብኛ፣ በግዕዝም ሆነ በአማርኛ አንድ ስለሆነ በድምፁ ብቻ ምንጩን መለየት አይቻልም። የሚለየው አብረውት በገቡት ነው፤ መጽሐፍ የሚባለው «ኪታቡ»፣ ምክንያት የሚባለው «ሳባቡ» ከዐረብኛው «ኪታብ» እና «ሰበብ» የተወሰዱ ናቸው። በሦስቱም ቃላት መጨረሻ ላይ ያለውን «ኡ» የጨመረው ስዋሂሊ ነው፤ የስዋሂሊ ነባር ቃል በአናባቢ ስለሚያልቅ የውጭውንም ቃል በዚያው ልክ አስተካክሎታል።

«ማጂ» ላይ የተፈጸመው ስሕተት የተለየ ነው። ቃሉን ሳይከፍሉ እንዳለ ማነጻጸር። በስዋሂሊ «ማ-» ቅድመ ቅጥያ ነው፤ ብዙ ፈሳሽ ነገሮች በእሱ ይጀምራሉ። ወተት «ማዚዋ»፣ ዘይት «ማፉታ»፣ ምራቅ «ማቴ» ነው። «ማ-» ሲነሳ ለውሃ የሚቀረው «-ጂ» ነው፤ በዙሉም ውሃ «አማንዚ» ስለሚባል ሥሩ ያው ነው። ከግዕዙ «ማይ» እና ከዐረብኛው «ማእ» ጋር የሚያመሳስለው «ማ» የውሃን ትርጉም ጨርሶ አልያዘም። ማንኛውንም የባንቱ ቃል ከአማርኛ ጋር ከማስተያየትዎ በፊት ቅድመ ቅጥያውን ይቁረጡ። ይህን ባለማድረግ ብቻ የተፈጠሩ «ዝምድናዎች» ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ «ና» እንምጣ። ዋናው ጥያቄዎም እሱ ነው፤ ድምፁም ትርጉሙም ስለገጠመ ከአራቱ በጣም የሚያሳስተው ይኸኛው ነው። መጀመሪያ የት እንደሚጣበቅ ይመልከቱ። የአማርኛው «ና» ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ይለጠፋል፤ «አባትና እናት» ስንል ትንፋሽ የምንወስደው ከ«አባትና» በኋላ ነው። የስዋሂሊው «ና» ከሚከተለው ቃል ጋር ይሄዳል፤ ተናጋሪው «ባባ» ብሎ ትንሽ ቢያርፍ ቀጥሎ የሚለው «ና ማማ» ነው። ከተውላጠ ስም ጋር ሲገናኝማ አንድ ቃል እስከመሆን ይደርሳል፦ «ናሚ» እና እኔ፣ ከእኔ ጋር፤ «ናዬ» እና እሱ፣ ከእሱ ጋር።

ቀጥሎ ሥራቸውን ያነጻጽሩ። የስዋሂሊው «ና» «እና» ብቻ አይደለም። «ጋር» ማለትም ነው፤ ድርጊቱ በማን እንደተፈጸመ ለመናገርም ያገለግላል፤ «አሊፒግዋ ና ጁማ» ማለት «በጁማ ተመታ» ማለት ነው። «ኒና ኪታቡ» ሲሉ «መጽሐፍ አለኝ» ማለታቸው ነው፤ ቃል በቃል «እኔ ከመጽሐፍ ጋር ነኝ» እንደማለት። የአማርኛው «ና» ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም። በአንጻሩ የእኛው ግሥ ላይ ገብቶ ምክንያት ያመለክታል፤ «ጊዜው መሽቷልና እንሂድ» እንላለን። እዚህ ቦታ ላይ የስዋሂሊው «ና» አይገባም፤ እነሱ «ክዋ ሳባቡ» የሚሉት እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ሁለት ስም በማጣመር ላይ ብቻ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚገኘው ይኸው አጠቃቀም ስለሆነ ግን ሁሉም ነገር የገጠመ ይመስላል።

ድምፃቸውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። በአማርኛ «አበበና» ስንል «ና» ይጠብቃል፤ «እና» ስንልም እንዲሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አይታይም እንጂ «ና! ቶሎ ና!» ከምንለው ላላ «ና» የተለየ ነው። የስዋሂሊው «ና» ላላ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ዕድሜያቸው ነው። «ና» በባንቱ ቋንቋዎች ዘንድ ጥንታዊ ነው፤ አጥኚዎች ለቀደመው የባንቱ ቋንቋ «እና፣ ጋር» የሚል ትርጉም ሰጥተው የሚመልሱት ቃል ነው። ደቡብ አፍሪካ ድረስ በዙሉ ውስጥ አለ። እዚያ እንዲያውም ቀጥሎ ከሚመጣው አናባቢ ጋር ይዋሃዳል፦ «ና» እና «ኡባባ» ተጋጥመው «ኡማማ ኖባባ»፣ እናትና አባት። የስዋሂሊው «ና» እውነተኛ ዘመድ ይህ «ኖ» የሚመስለው ነው። በሴም ቋንቋዎች በኩል ደግሞ «እና» ጥንት «ወ» ነበር። ግዕዙ «ሰማይ ወምድር» ይላል፤ ዐረብኛው «ወ»፣ ዕብራይስጡ «ቨ» (የጥንቱ «ወ») ይላል። ትግርኛ «ኣቦን ኣደን» እያለ በ«ን» ያጣምራል። የአማርኛው «-ና» በ«ወ» ቦታ የገባ ነው። እንግዲህ ግዕዝ ራሱ «እና» ለማለት በማይጠቀምበት «ና» ስዋሂሊን እንዴት ሊያበድር ይችላል? ዐረብኛም አላቀበለውም፤ የዐረብኛው «ወ» ነውና። የቪዲዮው መላምት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች እንዴት በአንድ ድምፅና በአንድ ትርጉም ይገጥማሉ? በአጭር ቃል ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። «ና» በፊደል ገበታችን አንዲት ፊደል ናት፤ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ። ለስሌት እንዲመች አንድ ቋንቋ 20 ተነባቢና 5 አናባቢ አለው እንበል። ሊፈጠሩ የሚችሉት እንዲህ ያሉ አጫጭር ድምፆች 100 ብቻ ናቸው። «እና»ን በአንዲት ፊደል የሚገልጽ ሌላ ቋንቋ ቢገኝ ከእኛ ጋር በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል 1 ከ100 ይሆናል። እንዲህ ያሉ 100 ቋንቋዎች ብንፈትሽ ደግሞ ቢያንስ በአንዱ ግጥምጥሞሽ የማግኘታችን ዕድል ወደ 63 በመቶ ይጠጋል። «እና» ካልሆነም «ጋር»፣ «ደግሞ»፣ «በ»፣ «ወደ» ቢሆን ይሁን ብለን ትርጉሙን ካሰፋነው አለማግኘት ነው የሚያስደንቀው። በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ፤ «ን» እና «ኣ» ደግሞ በሁሉም ሊባል በሚችል መጠን የሚገኙ ድምፆች ናቸው። ሦስት ተነባቢና ሁለት አናባቢ ባለው ቃል ላይ ግን በዚሁ ስሌት ሊፈጠሩ የሚችሉት ቅርጾች 200,000 ይደርሳሉ። አጭር ቃል ማስረጃ የማይሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ሌላው ምክንያት አጭር ቃል ብዙውን ጊዜ አልቆ የቀረ ረጅም ቃል መሆኑ ነው፤ በአፍ ላይ ሲመላለስ ያጥራል፣ ሲያጥር ደግሞ ከማያውቀው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ትእዛዛችን «ና» በግዕዝ «ነዓ» ነበር፤ ለሴት «ንዒ»፣ ለብዙ «ንዑ»። የጉሮሮው «ዐ» ሲጠፋ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» ቀሩ። የፖርቱጋልኛው «ና» «ውስጥ» የሚል መስተዋድድና የሴት ጾታ መጠቆሚያ ተዋህደው የወጣ ነው፤ የጥንት መነሻው ላቲኑ «ኢን ኢላ» ነው። የግሪክኛው «ና» («እንዲ-» እንደምንለው ያለ) ጥንት «ሂና» ነበር። የሩሲያኛው «ና» «ላይ» ማለት ሲሆን ዘመዱ የጀርመንኛው «አን» ነው፤ ዕቃ እያቀበሉ «ና!» ሲሉ ደግሞ «እንካ!» ማለታቸው ነው። በሂንዲ «ና» አፍራሽ («አይ…ም» እንደምንለው ያለ) ነው። በጃፓንኛም ግሥ መጨረሻ ላይ ሲገባ ይከለክላል፤ «ኢኩ ና» «እንዳትሄድ» ማለት ነው። የሂንዲውና የጃፓንኛው በድምፅም በሐሳብም መቀራረባቸውን ልብ ይበሉ፤ የሂንዲው ግን ከሩሲያኛው «ኔ» እና ከእንግሊዝኛው «ኖ» ጋር የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው፣ ጃፓንኛ የዚያ ቤተሰብ አባል አይደለም። እዚሁ አገራችን ውስጥ በኦሮምኛ «ና» «እኔን» ማለት ነው፤ «ና ገርጋሪ» ሲሉ «እርዳኝ» ማለታቸው ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየሕንፃው ግድግዳ «ና ሎ ለዐሼን» የሚል ማስታወቂያ ያያሉ፤ «እባክዎ አያጭሱ» ነው። ያው «ና» በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ስለ ፋሲካው በግ ሥጋ ሲነገር «ጥሬ» ማለት ነው። ሁለቱም በዕብራይስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። አንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳን እንዲህ ከሆነ በተለያዩ ቋንቋዎች መካከል ቢፈጠር ምን ያስደንቃል?

የባሕረ ሰላጤው ምሳሌ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላው ጎን ያሳያል። እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን «ቤትና» የሚለውን በየቀኑ ይሰማሉ። ለአማርኛ ጆሮ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቤትና… ምን?» ያሰኛል። በዐረብኛ ግን «ቤታችን» ማለት ነው። ይህ «-ና» ከአማርኛው አጣማሪ «-ና» ጋር አይዛመድም። ከግዕዙ «ቤትነ» ጋር ግን በእርግጥ ይዛመዳል፤ «ቤት»ም «-ነ»ም የጋራ ናቸው። በአማርኛም ርዝራዡ አለ፤ ዐረብኛ «-ና»፣ ግዕዝ «ነበርነ» ብሎ «-ነ» ሲል እኛ «ነበርን» ብለን «-ን»ዋን ይዘናል። ድምፁ የገጠመው ዘመድ ሳይሆን፣ ያልገጠመው ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በስዋሂሊና በዙሉ «ና» እና «ኖ» ላይ ያየነውም ይኸው ነው። ዝምድና የሚለካው በመምሰል ሳይሆን ልዩነቱ ሳይቀር ሥርዓት ያለው በመሆኑ ነው።

በራስዎ ለማጣራት ከአንድ ቃል አይነሱ። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፤ አማርኛ፣ ዐረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ዙሉ። ከዚያ በቀላሉ የማይዋሱ 30 ወይም 40 ቃላት ይሙሉ፤ የአካል ክፍሎች፣ ከአንድ እስከ አምስት ያሉ ቁጥሮች፣ «ሞተ»፣ «ሰማ»፣ «በላ» የመሳሰሉ ግሦች። የቋንቋ አጥኚው ሞሪስ ስዋዴሽ ያዘጋጀው የ100 ቃላት ዝርዝር ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው፤ «እና» በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሲሞሉ የሚያገኙት ይህን ይመስላል፦ ዓይን በዐረብኛ «ዐይን»፣ በስዋሂሊ «ጂቾ»፣ በዙሉ «ኢሶ»። ምላስ «ሊሳን»፣ «ኡሊሚ»፣ «ኡሊሚ»። ሞተ «ማተ»፣ መሞት በስዋሂሊ «ኩፋ»፣ በዙሉ «ኡኩፋ»። እባብ በስዋሂሊ «ኞካ»፣ በዙሉ «ኢኞካ»፤ ሥጋ «ኛማ» እና «ኢኛማ»። አሥረኛው ረድፍ ላይ ሳይደርሱ ዓምዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ። አማርኛን ከስዋሂሊ ጋር የሚያገናኝ ረድፍ ሲያገኙ («ደም» አንዱ ነው) የዙሉን ዓምድ ይመልከቱ። ዙሉ ከሌለው ዐረብኛም ካለው ውሰት ነው ብለው ይጠርጥሩ። ዙሉም ካለው፣ በሌሎች ረድፎች ላይ ያው ተነባቢ በያው ተነባቢ እየተመለሰ እንደሆነ ይፈትሹ፤ የማይደጋገም ግጥሚያ ግጥምጥሞሽ ነው።

ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። «ማማ» እና «ባባ» ከወረቀቱ ላይ ይውጡ። ሕፃን መጀመሪያ የሚቀናው በከንፈር የሚነገር ድምፅ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ይመሳሰላሉ፤ የቋንቋ አጥኚው ሮማን ያኮብሰን ስለዚህ የጻፈው በ1960 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ትርጉማቸው እንኳን የጸና አይደለም፤ በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» አባት፣ «ዴዳ» እናት ናት። የእንስሳትና የዕቃ ድምፅ የሚያስመስሉ ቃላትም እንደዚሁ ይውጡ። ሁለተኛው፣ ርዝመት ጥርጣሬን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ይነገር በነበረው ምባባራም በተባለ ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነበር፤ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሳይሆን፣ ጎረቤቱ ዪዲኝ «ጉዳጋ» የሚለው ቃል ፊቱና ኋላው ተቆርጦ አናባቢው ተለውጦ የደረሰበት ነው። የጃፓንኛው «አናታ» («አንተ») ለአማርኛና ለዐረብኛ ተናጋሪ ያጓጓል፤ ቀድሞ «ወዲያ፣ በዚያ በኩል» ማለት የነበረ ቃል ስለሆነ ዝምድናው እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ለተማሪ ይጠቅማል፤ ድምፁ ስለመሰለ ትርጉሙን አይገምቱ። ግሪክ ውስጥ «ኔ» «አዎ» ነው፤ ድንበር ተሻግረው ቡልጋሪያ ሲገቡ «ኔ» «አይደለም» ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የስዋሂሊውን «ና» ለማስታወሻነት ይጠቀሙበት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረዳዎታል። ደብተርዎ ላይ ሲጽፉት ግን ሁልጊዜ ከሚከተለው ቃል ጋር አስጠግተው ይጻፉት፣ ሲያነቡም ከፊቱ ይረፉ፤ በአማርኛ ልማድ ከኋላው ካረፉ አነጋገርዎ ለጆሯቸው ይቆራረጣል። «ስዋሂሊ ከግዕዝ ወጣ» የሚለውን አይቀበሉ፣ ለልጆችዎም አያስተምሩ። የአማርኛው «-ና» ከየት እንደመጣ የመመርመር ፍላጎት ካለዎት የሚሻለው ወደ ኩሽ ቋንቋዎች መመልከት ነው፤ ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን የኖሩ፣ አማርኛንም በሚያቅፈው በሰፊው የአፍሮ ኤዥያ ቤተሰብ ውስጥም ያሉ ናቸው። ሶማልኛ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝበት «-ና» አለው፤ «ዉ ዪሚድ፣ ዉና ተገይ» ማለት «መጣ፣ ሄደም» እንደማለት ነው። እዚያም ቢሆን ልዩነት አለ፤ የሶማልኛው የሚለጠፈው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ቃል ላይ ነው፣ የእኛው በፊተኛው መጨረሻ ላይ። የድምፁን መግጠም ብቻ ይዘው እዚህም «ዘመድ ነው» ብለው አይዝጉት፤ አራት ዓምድ ያለውን ወረቀት በሶማልኛ፣ በኦሮምኛና በሲዳምኛ እንደገና ይሙሉት።